ያልመጣው መልስ፦ ከንጉሥ ማኅተም እስከ ኢሜይል ማረጋገጫ ሪፖርት

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በተካሄደው የፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ



የዛሬው ገለጻ ርእስ ከተለጠፈ ወዲህ «የታሪክ መምህር ከኢሜይል ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከዚህ ጉዳይ ጋር ያገናኘኝ ምርምር ሳይሆን ኀፍረት ስለ ሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላስታውስ።

ባለፈው የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በማዘጋጀት ላይ ለነበሩ ተማሪዎች በእኔ ስምና በትምህርት ክፍላችን የኢሜይል አድራሻ አንድ መልእክት ደረሳቸው። መልእክቱ «የግምገማ ክፍያ» ያለውን ገንዘብ በአንድ የስልክ ቁጥር በኩል እንዲልኩ ያዛል። እኔ አልጻፍሁትም፤ ከመሥሪያ ቤታችንም አልወጣም። አንዲት ተማሪ ግን ከዘመድ ተበድራ ከፈለች። ነገሩን ያወቅሁትም ደረሰኝ ልትጠይቅ ቢሮዬ በመጣች ጊዜ ነው። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝና «መምህር፣ አድራሻው እኮ የእርስዎ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ አድራሻው የእኔ ነው። ገንዘቡ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ የተቋቋመው ትንሽ ኮሚቴ ውስጥ እኔም ገባሁ። የኮምፒውተር ባለሙያዎቻችን ዲማርክ የሚባለውን የላኪን ማንነት ማረጋገጫ ደንብ በዶሜይናችን ላይ አወጁ። ደንቡ ከሚሰጣቸው ጥቅሞች አንዱ ሪፖርት ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉ የኢሜይል ተቀባይ ድርጅቶች «በእናንተ ስም ይህን ያህል መልእክት ከእነዚህ አድራሻዎች መጥቶልናል፤ ይህን ያህሉ ማረጋገጫውን አልፏል፤ ይህን ያህሉ ወድቋል» እያሉ በየዕለቱ ይጽፋሉ። ለሪፖርቱ የመልእክት ሳጥን ተከፍቶ ጥበቃው ተጀመረ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሰባት ሳምንት አለፈ። ሳጥኑ ባዶ ነበር።

በስምንተኛው ሳምንት ስብሰባ ላይ አንድ ባልደረባዬ «ሪፖርት ካልመጣ አስመሳይ የለም ማለት ነው፤ እንግዲህ ያልተረጋገጠ መልእክት ሁሉ ይመለስ ብለን እናውጅ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። አብዛኛው ተስማማ። እኔ የቴክኒክ ዕውቀት ባይኖረኝም አንድ ነገር አስጨነቀኝ። በታሪክ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪን የምናስተምረው ማስረጃ አለመገኘቱ ነገሩ አለመኖሩን አያሳይም ብለን አይደለምን? ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ለታሪክ አጥኚ ግን ዝምታ ምንጩ ያልታወቀ ሰነድ ነው። ከየት እንደ መጣ ሳይመረመር አይጠቀስም።

ዛሬ የምከራከርለት ነጥብ ይኸው ነው። የመልስ አለመምጣት አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በመንገዱ ላይ ባለ በእያንዳንዱ ጣቢያ የተለየ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ይህን ሳይለይ ውሳኔ የሚሰጥ፣ ንጉሥም ይሁን ኮሚቴ፣ በገዛ ራሱ ላይ ይፈርዳል።

ንጉሥ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ታሪክ እጅግ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ዝምታ የ1862ቱ ደብዳቤ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር መጨረሻ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው በቆንስሉ በካፒቴን ካሜሮን በኩል ላኩ። የነገሥታቶቻችን ደብዳቤ ማኅተሙ በራስጌ ላይ ያርፋል፤ አንባቢው ቃሉን ሳያነብ አስቀድሞ ላኪውን ያውቃል። የማንነት ማረጋገጫ በኩል ጉድለት አልነበረም። ደብዳቤው በ1863 የካቲት ወር ለንደን ደረሰ። ነገር ግን በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መልስ ሳይጻፍለት ተቀመጠ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከዚህ ሆነው ያዩት ዝምታውን ብቻ ነበር። ደብዳቤው በመንገድ ጠፍቶ ይሆን? ቆንስሉ አላደረሰው ይሆን? ደርሶ ተንቆ ይሆን? በጸሐፊዎች እጅ ተረስቶ ይሆን? እነዚህ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከጎንደር ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው ግን አራቱም አንድ መልክ አላቸው። ቴዎድሮስ ዝምታውን እንደ ንቀት ተረጐሙት። በ1864 መጀመሪያ ላይ ካሜሮን ታሰረ። ከዚያ በኋላ የንግሥቲቱ መልስ ተጽፎ በሆርሙዝድ ራሳም እጅ ተላከ፤ ራሳም ምጽዋ ላይ ረጅም ጊዜ ጠብቆ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የደረሰው በ1866 ጥር ወር ነው። ፍጻሜው በ1868 ሚያዝያ መቅደላ ላይ የሆነው መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጦርነቱን ያመጣው ያልተመለሰው ደብዳቤ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን ላኪው የደብዳቤውን ዕጣ የሚያውቅበት መንገድ ቢኖረው ኖሮ ከጥርጣሬዎቹ ቢያንስ ሦስቱ ይወገዱ ነበር።

አሁን ወደ ኢሜይል ልለፍ። ዛሬም የምንጠቀምበት የኢሜይል መላላኪያ ደንብ በ1982 በጆን ፖስተል ተዘጋጅቶ ወጣ። የዚያ ጊዜው መረብ ትንሽ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹም በአመዛኙ ተመራማሪዎችና የመንግሥት ተቋማት ስለ ነበሩ ላኪው «እኔ እገሌ ነኝ» ሲል ማረጋገጫ የሚጠይቀው አልነበረም። በኢሜይል ላይ የምናየው የላኪ ስም በፖስታ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እንደ ተጻፈ ስም ነው፤ ማንም የማንንም ስም መጻፍ ይችላል። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ማለት ነው።

ወደ እኛም አገር የገባው በዚሁ መልኩ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አዲስ አበባ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው የመረጃ ማዕከል መልእክቶችን አጠራቅሞ በስልክ መስመር ወደ ውጭ የሚያስተላልፍ የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። የኢትዮጵያ የዶሜይን መለያ፣ ማለትም ዛሬ በአድራሻዎቻችን መጨረሻ ላይ የምንጽፈው «ኢቲ»፣ በ1995 ተመዘገበ። በ1997 ደግሞ የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ።

የጎደለው ማኅተም የተጨመረው ዘግይቶና በሦስት ደረጃ ነው። አንደኛው ኤስፒኤፍ ይባላል፤ በ2006 በሰነድ ወጣ። የዶሜይኑ ባለቤት «በስሜ ደብዳቤ ማድረስ የሚችሉት እነዚህ ሰርቨሮች ብቻ ናቸው» ብሎ ያስታውቃል፤ የመልእክተኞች ስም ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ዲኪም በ2007 ወጣ። በመልእክቱ ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ ሲሆን ቃሉ በመንገድ ላይ ቢለወጥ ፊርማው ይፈርሳል። ሁለቱም ግን አንድ ክፍተት ነበረባቸው። መልእክተኛው ፈቃድ ያለው፣ ማኅተሙም ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የማን ማኅተም ነው? አንባቢው ከሚያየው ስም ጋር ይገጥማል ወይ? ይህን የሚጠይቀው ሦስተኛው ደንብ ዲማርክ ነው። በ2012 ጎግል፣ ያሁ፣ ማይክሮሶፍትና ሌሎችም በጋራ ይፋ አደረጉት፤ በ2015 በሰነድ ወጣ። በ2024 የካቲት ጎግልና ያሁ በብዛት መልእክት የሚልኩ ሁሉ ይህን እንዲያወጁ ማስገደድ ጀመሩ፤ የብዙ ተቋማት ጥድፊያም ከዚህ የመጣ ነው።

ዲማርክ ከማኅተም የሚለየው መልስ በመጠየቁ ነው። የዶሜይኑ ባለቤት ያልተረጋገጠ መልእክት ሲገኝ ምን እንዲደረግ እንደሚፈልግ ይናገራል፦ ዝም ብላችሁ አሳልፉ፣ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ወይም መልሱ። ከዚያም «ያያችሁትን በዚህ አድራሻ ጻፉልኝ» ይላል። የቴዎድሮስ ደብዳቤ ያልነበረው ይህ ነው።

ይህን ሐሳብ ለመረዳት ከዚህ አዳራሽ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በ1930ዎቹ አጋማሽ አቃቂ ላይ የአገሪቱ የመጀመሪያ የሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ የሠራውም አንሳልዶ የተባለው የጣልያን ኩባንያ ነበር። የጣልያን ወረራ በተቃረበበት በ1935 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካ አድማጮች በሬዲዮ ንግግር አሰሙ። በአጭር ሞገድ የሚያሠራጭ ጣቢያ ግን አንድ ችግር አለበት፤ ድምፁ ባሕር ማዶ ጥርት ብሎ መሰማቱን ከማሠራጫው አጠገብ የቆመው ቴክኒሻን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች ከሩቅ አድማጮች የሚመጣ የአቀባበል ሪፖርት መጠበቅን ልማድ አደረጉ፤ «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ሞገድ፣ እንዲህ ሆኖ ተሰማን» የሚል። ሪፖርት ያልመጣለት ቴክኒሻን «ድምፄ ጥሩ ነው» ብሎ ተኝቶ አያድርም። መጀመሪያ ማሠራጫውን፣ ቀጥሎ አንቴናውን፣ ከዚያም ሪፖርቱ የሚላክበትን አድራሻ ይመረምራል።

እኛም በኮሚቴው ያደረግነው ይህንኑ ነው። ውሳኔው ለሁለት ሳምንት እንዲዘገይ ከለመንሁ በኋላ ከባለሙያዎቻችን ጋር ተቀምጠን የመልሱን መንገድ ከመነሻው ጀምረን ተከተልነው። ሌሎች ተቋማትም ይጠቅማቸው ይሆናልና ቅደም ተከተሉን እዘረዝራለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ በእርግጥ ጠይቀናል ወይ? የዲማርክ ማስታወቂያ ዲኤንኤስ በሚባለው የዓለም የስም መዝገብ ውስጥ በተወሰነ ቦታ መለጠፍ አለበት፤ ዲማርክ የሚለው ቃል የታች ሰረዝ ከፊቱ ተጨምሮበት ከዶሜይኑ ስም በፊት ይገባል። ሰረዟ ከተረሳች የሚያነበው የለም። አንዳንድ የመዝገብ ማስተዳደሪያዎች የዶሜይኑን ስም ራሳቸው ስለሚጨምሩ፣ ሰው ደግሞ ሲጽፈው ስሙ ሁለት ጊዜ ይደገምና ማስታወቂያው ማንም በማይፈልግበት ስፍራ ይለጠፋል። ማረጋገጫው የጻፍነውን ቅጽ ማየት ሳይሆን ከውጭ ሆኖ መዝገቡን መጠየቅ ነው። ጠየቅን፤ የእኛ በቦታው ነበር።

ሁለተኛው፦ ጥያቄያችን የሚነበብ ነው ወይ? ማስታወቂያው የደንቡን ስሪት በመግለጽ መጀመር አለበት። የሪፖርቱ አድራሻም «ሜይልቱ» የሚለው መለያ ከፊቱ ካልገባ እንደ አድራሻ አይቆጠርም። ከሁሉም በላይ ለአንድ ዶሜይን ሁለት ማስታወቂያ ከተለጠፈ ተቀባዮች አንዱን መርጠው አይወስዱም፤ ሁለቱንም ይተዋሉ። ሁለት የሚጣረሱ ዐዋጆች ቢገኙ ምን እንደምናደርግ ለምናውቅ የታሪክ ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም። እዚህም የእኛ ደኅና ነበር።

ሦስተኛው፦ ሊጽፍልን የሚገባ ሰው አለ ወይ? ሪፖርት የሚያዘጋጀው በዚያን ቀን በዶሜይናችን ስም መልእክት የደረሰው ተቀባይ ብቻ ነው፤ ከእነርሱም ሁሉም ሪፖርት አይልክም። እርስ በርሱ ብቻ የሚጻጻፍ ትንሽ መሥሪያ ቤት ሳምንታት ሙሉ ሪፖርት ባያገኝ ጤናማ ዝምታ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን በየቀኑ ወደ ጂሜይል እንልካለን፤ ጎግል ደግሞ ሪፖርት ከሚልኩት አንዱ ነው። ለማረጋገጥ ራሳችን ወደ ጂሜይል አድራሻዎች ጽፈን ከአንድ ቀን በላይ ጠበቅን፤ ሪፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ የ24 ሰዓት ድምር ነውና። ምንም አልመጣም። እንግዲህ ዝምታው ጤናማ አልነበረም።

አራተኛው፦ መልሱ ለተላከበት ቤት የመግቢያ ፈቃድ አለው ወይ? ከሁለቱ ጥፋቶቻችን አንዱ የተገኘው እዚህ ላይ ነው። የሪፖርቱ ሳጥን የተከፈተው በራሳችን ዶሜይን ሳይሆን ጥገና በሚያደርግልን ድርጅት ዶሜይን ስር ነበር። ደንቡ እንዲህ ያለውን እንዲሁ አይቀበልም። የሦስተኛ ወገን አድራሻ ሲጠቀስ፣ ያ ወገን «አዎን፣ የዚህን ዶሜይን ሪፖርት እቀበላለሁ» የሚል ማስታወቂያ በራሱ መዝገብ ውስጥ እንዲለጥፍ ይጠይቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ባይሆን አንድ ተንኮለኛ የዓለምን ሪፖርት በሌላ ሰው ሳጥን ላይ ማዝነብ ይችል ነበር። ፈቃዱ ካልተገኘ ሪፖርት ላኪው አድራሻውን ይዘልለዋል። ለእኛ ዘለልሁት ብሎ አይነግረንም።

ይህን ስሰማ የፖስታችን ታሪክ ትዝ አለኝ። ዐፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎትን በ1894 አቋቋሙ፤ ቴምብሩ ፓሪስ ታትሞ መጣ። ቴምብሩ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል የያዘ ሕጋዊ ቴምብር ነበር። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ወደ ዓለም የፖስታ ኅብረት የገባችው በ1908 ስለ ሆነ እስከዚያ ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል የፈረንሳዮችን ቴምብር መጨመር ነበረበት። የእኛ ማኅተም በእኛ ምድር ይበቃል፤ ከድንበር ወዲያ ግን የተቀባዩ ወገን ዕውቅና ያስፈልጋል። የእኛም ኮሚቴ የሌላውን ደጅ አድራሻ ሰጥቶ የደጁን ባለቤት ፈቃድ አልጠየቀም።

አምስተኛው፦ የደረሰውን ተቀብለናል ወይ? ድርጅቱ ማስታወቂያውን ከለጠፈ በኋላም ሁለት ቀን ሳጥኑ ባዶ ሆነ። የሰርቨሩ የውሎ መዝገብ ሲታይ ግን ሪፖርቶች በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ሪፖርቱ የሚመጣው በኤክስኤምኤል ተጽፎ፣ ታምቆ፣ በአባሪ ፋይልነት ነው፤ የእኛ የቫይረስ ማጣሪያ ደግሞ የታመቀ አባሪ ያለውን መልእክት ሁሉ እንዲጥል ታዝዟል። ጠባቂው ሥራውን በታማኝነት ሠርቷል፤ የጣለው ግን የጠራነውን እንግዳ ነው። ለዚያ ሳጥን ብቻ ማጣሪያው ተነሣ፤ በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ሪፖርት ተነበበ።

ክቡራንና ክቡራት፣ ሪፖርቶቹ ምን አሳዩ? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ አስመሳዩ አልቆመም ነበር። ከማናውቃቸው ሰርቨሮች በዶሜይናችን ስም የሚላኩ መልእክቶች ዝምታ ነበር ባልናቸው ቀናትም ሲተላለፉ ነበር። ሁለተኛው የበለጠ አስደነገጠን። ማረጋገጫውን ከወደቁት መካከል የራሳችንም መልእክቶች ነበሩ። ለአዲስ አመልካቾች የቅበላ ማስታወቂያ የሚልከው ሥርዓት ከሌላ ሰርቨር እየሠራ በመልእክተኞች ዝርዝራችን ውስጥ አልገባም፤ ፊርማም አልነበረውም። በዚያ ስምንተኛ ሳምንት «ያልተረጋገጠው ሁሉ ይመለስ» ብለን አውጀን ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚመለሰው ከክልል የሚያመለክት ተማሪ የሚጠብቀው የቅበላ ደብዳቤ ነበር። ተማሪውም ዝምታውን «አልተቀበሉኝም» ብሎ ይተረጕመው ነበር። ቴዎድሮስን ያሳሳተውን ዝምታ እኛ ራሳችን ልንፈጥረው ጥቂት ቀርቶን ነበር።

ስለ ሪፖርቶቹ ወሰንም አንድ ነገር መግለጽ ይገባል። እነዚህ የድምር ሪፖርቶች የመልእክቱን ቃል አይዙም፤ የላኪውን ሰርቨር አድራሻ፣ የመልእክቶችን ብዛትና የማረጋገጫውን ውጤት ብቻ ይዘረዝራሉ። ስለዚህ «ደብዳቤያችን ሊነበብ ነው» የሚለው የአንዳንድ መምህራን ሥጋት መሠረት የለውም። በአንጻሩ ሪፖርቱ ማን እንደ ተታለለና ምን ያህል እንደ ከፈለ አይነግረንም። ያን የሚነግረን አሁንም ደረሰኝ ልትጠይቅ የምትመጣ ተማሪ ናት።

ዛሬ የቅበላው ሥርዓት ተስተካክሏል፤ የእኛ መልእክቶች ማረጋገጫውን ማለፋቸውን ለሳምንታት ከተከታተልን በኋላ ወደ ማገጃው ደረጃ በደረጃ ተሸጋግረናል። ሪፖርት አንድ ቀን ሲቋረጥም የሚመረምር ሰው ተመድቧል። መጀመሪያውኑ ያጣነው ይህን ሰው ነበር፤ ሳጥኑን ከፈትን እንጂ ባዶነቱን የሚጠይቅ አልመደብንም።

ይህን ገለጻ ከማዘጋጀቴ በፊት ያቺን ተማሪ አግኝቼ ታሪኳን ስሟን ሳልጠቅስ ልናገር ፈቃዷን ጠየቅሁ። ፈቀደችልኝና መልሳ ጠየቀችኝ፦ «አሁንስ መምህር፣ በእርስዎ ስም ሌላ ሰው ቢልክ ያውቃሉ?» እንዲህ ስል መለስሁላት፦ «በዕለቱ ሳይሆን በማግስቱ፤ ያውም ከሚጽፉልን ተቀባዮች ብቻ። ከማይጽፉልን ግን አላውቅም።» ጥቂት አሰብ አድርጋ «እንግዲያው ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ሲደርሰን ቢሮዎ መጥተን እንጠይቃለን» አለች። እኔም በሬ ክፍት እንደሚሆን ቃል ገባሁላት። ይህን ቃሌን በእናንተም ፊት እደግማለሁ።